ባለ ባርኔጣ ከተሞች

አራሚው ሌላ ብርጭቆ ውሃ ቀዳ። ጠምቶት አይደለም። የውሃው ማሽን የቆመው ከመስታወቱ ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ በመስታወቱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሚስቱ ከሙሴ ጋር ተቀምጣለች። ሰው የገዛ ሚስቱን ለማየት ሆዱ እስኪነፋ ውሃ መጠጣት አለበት? እሱን ከጠየቃችሁት፣ አዎ፣ አለበት።

ሙሴ ጮክ ብሎ የከተማ ስም ያነባል። "ኒም" ይላል፣ ከንፈሩን አሹሎ። ከዚያ እጁን አናቱ ላይ ጫን አድርጎ "ባርኔጣ!" ይላል። ሚስቱ ትስቃለች። ሳቋ በመስታወቱ አልፎ መጥቶ አራሚውን ብብቱ ሥር ይወጋዋል። ሙሴ ቀጥሎ "ቤዛንሶን" ይልና በጣቱ ከጠረጴዛው በታች ጅራት ይሠራል። እሷ ደግማ ትስቃለች። አንድ ጎልማሳ ሰው ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለው ጅራት ይሠራል፤ ሥራ ነው እንግዲህ!

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚያዘጋጀው በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የመንገደኛ መምሪያ መጻሕፍትን ነው፤ የት ይታደራል፣ ባቡሩ ከየት ይነሳል፣ የትኛው ድልድይ የት ያደርሳል፣ እንዲህ ዓይነቱን። የአሁኑ መጽሐፍ ስለ ፈረንሳይ ከተሞች የሚወጣው አዲስ እትም ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ የከተሞቻቸውን ስም ሲጽፉ ፊደሉን ባዶ አናቱን አይተዉትም። አንዱ ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጭረት፣ አንዱ ላይ ወደ ግራ፣ አንዱ ላይ እንደ ባርኔጣ የተደፋ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከሥሩ ጅራት የሚያንጠለጥሉለትም አለ። እንግሊዝኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ጌጣጌጥ ደንታ የለውም፤ መሥሪያ ቤቱም እስካሁን ምልክቱን ሁሉ እየላጨ ነበር የሚያሳትመው። በዚህኛው መጽሐፍ ግን እስቲ እንሞክረው ተባለና ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ለጊዜው ተቀጠረ። የሽፋን ሥዕል የሚሠራው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን "ሙሴ" የሚል ስም አወጣለት፣ ፈረንሳዮች "አቶ" ለማለት እንደሚሉት፤ እዚያው ፀደቀ።

ሞት ይርሳኝ፣ የጥንድ ንባቡን ሳልነግራችሁ። በዚህ ቤት አንድ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ከዋናው ጽሑፍ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ኮማው ሳይቀር፣ ነጥቡ ሳይቀር። ሌላው በተዘጋጀው ገጽ ላይ እየተከተለ ያርማል። አራሚውና ሚስቱ የተዋወቁት በዚህ ነው። ያን ጊዜ የሚያነቡት የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ነበር፤ ከዚያ የደረቀ ነገር በዓለም ላይ የለም። እሷ ግን ስታነበው አውቶቡሱ ሁሉ ወደ ሠርግ የሚሄድ ይመስል ነበር። መጽሐፉ ሳያልቅ ለመናት፣ ታትሞ ሳይሸጥ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ አለፈ፤ ሁልጊዜ እሷ ታነብለታለች፣ እሱ ያርማል። በድምጿ ምክንያት ሠራተኞቹ "ራዲዮ" ይሏታል። እሱ ራዲዮው የራሱ ብቻ ይመስለው ነበር። አሁን ሌላ ሰው ጋ ተከፍቶ አየው።

"ጋሼ፣ ኩላሊትህን እያጠብክ ነው?" አለው ሰዓሊው ከኋላው መጥቶ።

"ሙቀቱ ነው።"

"ሙቀቱስ አለ። እዚያ ውስጥ እንኳ ሞቅ ብሏል።" በአገጩ ወደ መስታወቱ ጠቆመ።

"ሥራ የለህም አንተ?"

"አለኝ እንጂ። ግን ይሄ ይበልጣል" አለና ሰዓሊው እየሳቀ ሄደ።

ቀና። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም፣ ቀና። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ሳይቀር መላ አጥቷል። ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ "አንጉሌም፣ አንጉሌም" ትላለች። ፀጉሯን ስታበጥር "ቤዚዬ" ትላለች፣ የመጨረሻዋን እያስረዘመች። ትናንት ማታ እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ሲላት በአንድ ጣቷ ጠረጴዛውን ቸብ አደረገችና ብቻዋን ፈገግ አለች። ምን ማለት ነው ቢላት "ወደ ቀኝ ያዘነበለው ጭረት ነው፣ እንዲህ ነው የምንጠራው" አለችው። "የምንጠራው።" ይቺ "ን" ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችው።

"አራሚ! እስቲ ና" ብለው አለቃቸው ከቢሯቸው ተጣሩ። ሁሉም "እትዬ" ይሏቸዋል፤ ቆጣ ሲሉ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ደስ ሲላቸውም ያወልቃሉ፣ ስለዚህ መነጽራቸውን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

"ይሄ መጽሐፍ ዛሬ ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ አለበት" አሉት። "ምልክቶቹ ይቆዩ ወይስ ይውጡ? ሙከራ ነው ብለን ጀመርነው፣ አሁን መወሰን አለብኝ። ከቆዩ ሙሴን በቋሚነት እቀጥረዋለሁ፣ የሚቀጥሉት መጻሕፍትም በዚሁ ይሄዳሉ። ከወጡ ደግሞ ዛሬ አሰናብተዋለሁ። አንተ የቤቱ አንጋፋ ነህ፤ አንተ ያልከውን ነው የማደርገው።"

እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ሳይለምኑት፣ በሰሃን። አራሚው ፊቱን ኮስተር ለማድረግ ጉንጩን ከውስጥ ነከሰ። "ሁለቱም ባሉበት ብናገር ይሻላል፣ እትዬ። ሐሜት እንዳይመስል።"

ሙሴና ሚስቱ ተጠሩ። ሙሴ ሲገባ ሽቶው ቀድሞት ገባ። አንገቱ ላይ ስስ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ አራሚው ሻርፑን ባየ ቁጥር የሆነ ቦታ ማሰር ያምረዋል። ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ነው" ብሎ ጀመረ አራሚው። እንዲህ አምሮለት ተናግሮ አያውቅም። አንባቢው ስልኩ ላይ ከተማ ሲፈልግ ባርኔጣ ከየት ያመጣል? ከዚህ በፊት የወጡት መጻሕፍት ምልክት የላቸውም፤ ጎን ለጎን መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ አንዱ የእንጀራ ልጅ አይመስልም? ደግሞስ፣ አንዷን ምልክት ብንስት መጽሐፉ ሁሉ ስህተት ነው ይባላል፤ ጭራሽ ካላደረግን ግን ማን ይወቅሰናል? "እትዬ፣ ያልለበሰ ሰው ልብሱ ቆሸሸ ተብሎ አይታማም" አለ በመጨረሻ። እትዬ ሳቁ።

ሙሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልክ ነዎት፣ ለሥራ ይከብዳል" አለ በለዘብታ። "ግን መንገደኛው ከባቡር ሲወርድ የሚያየው ሰሌዳ ምልክት አለው። ስም ነው እኮ። የእርስዎን ስም ሲጽፉ ከአንዷ ፊደል ላይ እግሯን ቢቆርጡብዎት ቅር አይልዎትም?"

"እኔ ከተማ አይደለሁም፣ ወንድሜ።"

"አይደሉም።"

"ታዲያ ለከተማ ምን አስለቀሰህ? ከተማው ቅር አለኝ ብሎ ደውሎልሃል?"

እትዬ እንደገና ሳቁ። ሙሴም ለትህትና ያህል ፈገግ አለ።

"አንቺስ፣ ራዲዮ?" አሉ እትዬ።

ሚስቱ እትዬን አላየችም። ያየችው ባሏን ነው። "እኔ ምን እላለሁ" አለች። "ተናጋሪው ተናገረ።"

"እንግዲያው ይውጡ" አሉ እትዬ። "ራዲዮ፣ ከምሳ በኋላ ፋይሉ ላይ ምልክቱን ሁሉ አጽጂልኝ። ሙሴ፣ የኔ ወንድም፣ አትቀየመኝ፤ ሥራህን አልነቀፍኩትም። ሥራው ቀረ እንጂ።"

አራሚው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በኮሪደሩ ሲሄድ እያፏጨ ነበር፤ ማፏጨቱን ያወቀው ሰዓሊው ዞር ብሎ ሲያየው ነው።

ሚስቱን ያገኛት በስተኋላ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። ክዳኑን አልከፈተችውም። አጠገቧ ተቀመጠ። ጠጋ ሲል እሷ ራቅ አለች።

"ምነው፣ አትበዪም?"

"ጠገብኩ።"

"ምን በልተሽ?"

"የጠዋቱን ንግግርህን።"

"ምን አጠፋሁ? የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።"

"ቀንተህ ነው የተናገርከው።"

"እኔ? በማን? በዚያ የሽቶ ጠርሙስ?"

"አየህ፣ ሽቶውን እንኳ ለይተኸዋል።"

ኩም አለ። ከዚያ ደሙ ፈላ። "እሺ፣ ቀናሁ! ቀናሁ፣ ምን ይጠበስ! ሚስቴ ከሰው ጋር በመስታወት ክፍል ውስጥ ስትንከተከት ትውላለች። ከእኔ ጋር ስታነቢ እንዲያ ስቀሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

እንዲህ ባጭሩ ትመልሳለች ብሎ አልጠበቀም። "ለምን?" አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

"በምን አፌ? ከአንተ ጋር አፌ ሥራ ላይ ነው። ቀና ስል 'ቀጥይ' ትላለህ። ሳስል 'ቀጥይ' ትላለህ። በምጤ ቀን እንኳ 'ቀጥይ' ሳትለኝ አልቀረህም።" ምሳ ዕቃውን ከጭኗ አውርዳ ደረጃው ላይ አኖረችው። "ልንገርህ? ከሙሴ ጋር መድቡኝ ብዬ እትዬን የለመንኩት እኔ ነኝ።"

ዞሮ አያት። "አንቺ? ራስሽ?"

"ራሴ። እሱ ያነባል፣ እኔ አርማለሁ። አላየህም እንዴ? ያን ሁሉ ውሃ ስትጠጣ እስክሪብቶው በማን እጅ እንደነበረ አላየህም?"

አላየም። እሱ ያየው ሳቁን ብቻ ነው።

"እትዬ፣ 'ይሄን መጽሐፍ ከተወጣሽው የሚቀጥለውን አራሚ ሆነሽ ትሠሪዋለሽ' ብለውኝ ነበር" አለች። "ሙሴ ሲሄድ የሚያነብልኝ ማን ነው? አንተ ታነብልኛለህ? ከነገ ጀምሮ ተመልሼ ራዲዮ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ነግሬሃለሁ። እኔም ማረም እፈልጋለሁ አልኩህ፤ 'አንቺማ ድምፅሽ ያምራል' አልከኝ።"

አዎ፣ ብሏታል። ሙገሳ መስሎት ነበር። ትዝ ሲለው ጆሮው ድረስ ጋለ።

እሷ ተነስታ ሄደች። ምሳ ዕቃውን ረስታው ሄደች፤ እሱም አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ ምልክቶቹን ስታወጣ አያት። ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳ፣ ፊቷ እንደ ተዘጋ ሱቅ። የመስታወቱ ክፍል ባዶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ እሷ ያረመቻቸው ገጾች ተቆልለዋል። አራሚው ገባ። ለምን እንደገባ ቢጠየቅ እውነቱን አይናገርም ነበር፤ የገባው ስህተት ሊፈልግ ነው። አንድ ስህተት ቢያገኝ ልቡ ያርፍ ነበር። "ይኸው፣ ቸኩላለች፣ ገና ነች" ብሎ ይገላገል ነበር።

አገላበጠ። ቀይ እርማቷ ቀጥ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ ነው። አንድ ገጽ ላይ ቆመ። በወንዝ ዳር ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ንድፍ ካርታ ነው። እሷ ኅዳጉ ላይ እንዲህ ጽፋለች፦ "ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው። በዚህ ካርታ ድልድዩን የተሻገረ መንገደኛ ባቡሩ ያመልጠዋል።" ካርታው ካለፈው እትም እንዳለ የተወሰደ ነው። ያለፈውን እትም ያረመው ማን ነው? እሱ። ከዚያ በፊት ያለውንስ? እሱ። ሁለቴ ዓይኑ ሥር አልፏል።

ያን ጊዜ ቅናቱ ሙሴን ለቀቀው። ለቀቀው ስላችሁ ግን ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ ቤት ቀየረ እንጂ። ወደ ሚስቱ ዞረ። በሙሴ ሲቀና ቢያንስ ተበዳይ ነኝ ብሎ ራሱን ያጽናና ነበር፤ በዚህኛው የሚታመምበት ቦታ እንኳ የሚያሳፍር ነው። ሚስቴ ጎበዝ ናት ማለት ደስ ይላል፤ ለእንግዳ ሁሉ ሲለው ኖሯል። ከእኔ ትበልጣለች ማለት ግን እንደ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ሆዱ ውስጥ አንድ ድምፅ "ዝም በል" አለው። "ምን አደረግክ? አንድ ሐሳብ ሰጠህ፣ ተቀበሉህ፣ አለቀ። ነገ ትቀመጣለች፣ ታነብልሃለች፣ ከሳምንት በኋላ ትረሳዋለች።" ድምፁ የራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ ማላከክ አይቻልም። ገጹን ገልብጦ ከቁልሉ ሥር ከተተው። ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ገጹን አወጣና በቀጥታ ወደ እትዬ ቢሮ ሄደ።

"እትዬ፣ ምልክቶቹ ይቆዩ።"

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጠዋት አንድ ጆንያ ምክንያት ዘርግፈህልኝ አልነበር?"

"ዘርግፌ ነበር።"

"ታዲያ የትኛው ነው የተበላሸው?"

"ሁሉም ደህና ናቸው። ግን ምክንያቴ እነሱ አልነበሩም።" ወለሉን እያየ ነው የሚናገረው። "ቅናት ነበር።"

"በሙሴ?"

"ጠዋት በሙሴ።"

"አሁንስ?"

ገጹን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረው፣ ጣቱን የሚስቱ ጽሑፍ ላይ አድርጎ። "ይቺን ሁለት ጊዜ እኔ አሳልፌያታለሁ። አሁን በእሷ ነው።"

እትዬ አነበቡት። መነጽር ሳያደርጉ፣ አርቀው ይዘው። "ከዚህ በኋላ የምትሠራው ከአንተ እኩል ሆና ነው፣ ገብቶሃል?" አሉት። "የሚቀጥለው መጽሐፍ የእሷ ነው። የሚያነብላትም ሙሴ ነው።"

"ገብቶኛል።"

"ለአንተ ሰዓሊውን እሰጥሃለሁ።"

"ሰዓሊውን? እትዬ፣ እሱ እኮ ኮማ ሲያይ ዝንብ መስሎት እፍ የሚል ልጅ ነው!"

"ትለምደዋለህ። ለራዲዮ ፋይሉን እንድትተወው አሁኑኑ እደውልላታለሁ፤ ያልተነካው ቅጂ አለን። ለሙሴ ግን አንተው ንገረው። ያባረርከውም አንተ ነህ።"

ሙሴን ዕቃውን በፌስታል ሲከት አገኘው። ወፍራም መዝገበ ቃላት፣ ስኒ፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ ፎቶ። ሻርፑን አውልቆ ፌስታሉ ውስጥ አድርጎታል፤ ያለ ሻርፕ አንገቱ ቀጭን ነው፣ ብርድ የመታው ይመስላል። አራሚው ይሄን ሰው ጠልቶ ሰንብቷል፤ አንገቱን ግን ዛሬ ገና ማየቱ ነው።

"ዕቃህን መልስ" አለው። "ምልክቶቹ ይቆያሉ። አንተም ትቆያለህ።"

ሙሴ መዝገበ ቃላቱን ይዞ ቀረ። "እርስዎ ነዎት ያስቀሩኝ?"

"እትዬ ናቸው" አለ አራሚው። እውነቱን ለሁለተኛ ጊዜ ለመናገር አቅም አልነበረውም።

"እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ነገ የማነበው ከማን ጋር ነው?"

አራሚው ዞር አለ። ከወዲያ ሚስቱ ስልኳን አስቀምጣ፣ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ ታየዋለች። አልሳቀችም፣ አላመሰገነችም፤ መልሱን ትጠብቃለች።

"ከባለቤቴ ጋር" አለ፣ "ባለቤቴ" የምትለዋን ረገጥ አድርጎ።

ሙሴን ተከትሎ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባ። ማንም ሳያዘው ለሙሴ ከጥግ አንድ ወንበር ጎተተና ከሚስቱ መቀመጫ ፊት ለፊት አኖረው፣ ራቅ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ማዶ ጫፍ ድረስ። ቆሞ አየው። ከዚያ ርቀት የሚነበብ ኮማ እንደማይሰማ ያውቃል፤ የገዛ ሥራው ነው። ወንበሩን ብድግ አደረገና መልሶ አቀረበው።